መጋዝ ሲነሳ የሚቋረጥ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረው ለተበላሸ መጋዝ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ የሚነገር አልመሰለኝም፤ አጠገቡ ቁጢጥ ስላልኩ ብቻ የምሰማው ነገር አድርጌ ነበር የምቆጥረው። አያቴ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አባባ የምንላቸው፣ አሮጌ የሞተር መጋዝ ይሰበስቡ ነበር። ከሐሙስ ገበያ፣ ከቆሻሻ መጣያ ዳር፣ ለሃቪም በምትባለው ጎረቤት ከተማ ካሉት ባለግቢ ቤቶች ደጃፍ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ሁሉ እየለቀሙ በአውቶቡስ ይዘውት ይመጣሉ። ሹፌሮቹ ስለለመዷቸው ሰንሰለቱን በጋዜጣ እስከጠቀለሉት ድረስ ምንም አይሏቸውም።

እንግዲህ አስቡት። የምንኖረው እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት የሚባል ሰፈር ነው። አቧራው አይን አያስገልጥም፤ በሕንፃችን ጓሮ የነበረው ዛፍ አንድ ብቻ፣ እሱም ጥላው ለድመት የማይበቃ። ጎረቤቶቻችን «አባባ ምን ሊቆርጡ ነው? አሸዋውን?» እያሉ ይስቁ ነበር።  አባባ ወደዚህ አገር ከመጡ በኋላ ለብዙ ዓመት ከከተማው በስተሰሜን ባለው የጥድ ደን ውስጥ ቅርንጫፍ ሲመለምሉ እንደኖሩ እናቴ ነግራኛለች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን አንዲት ጭራሮ ሲቆርጡ ያየ ሰው የለም። መጋዙን ይጠግናሉ፣ ያስነሱታል፣ ጥቂት ያዳምጡታል፣ ያጠፉታል፤ ከዚያ ሚክላት በምንለው የሕንፃው የቦምብ መጠለያ ውስጥ ከቀሩት ጎን ያስቀምጡታል። በቃ።

ሥራቸውን የሚጀምሩት ጎረቤት ከቀትር እንቅልፉ ሲነሳ ነበር። ያኔ ፀሐዩ በረድ ይላል፤ አባባ በርጩማቸውን አውጥተው የሚክላቱ በር ላይ ይቀመጡና መጋዙን እንደታመመ ልጅ ጭናቸው ላይ ያስተኙታል። ከኋላቸው፣ ከውስጥ፣ አንዲት ደብዛዛ አምፖል ትበራለች። ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ሽታ ዛሬም ድረስ በአጠገቤ ካለፈ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ሊያወራልኝ የተዘጋጀ ይመስለኛል፣ ዞር ብዬ ሳይ ግን የአንድ ወጣት ሞተር ብስክሌት ነው።

ብልሽት የሚፈልጉበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ የቤንዚኑን ቱቦ ያያሉ፣ ደርቆ ተሰንጥቆ እንደሆነ። ማጣሪያውን ያወጡና እፍ ይሉበታል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተው ጥቀርሻውን በብሩሽ ይፍቃሉ፣ አፍንጫቸው ሥር አድርገው ያሸቱታል። ገመዱን ይስባሉ። አይነሳም። ተረቱ የሚጀመረው በዚህ መካከል ነው፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በጎንደር አማርኛቸው፣ ዓይናቸውን ከብረቱ ላይ ሳያነሱ። ግራ መጋባቴም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፣ ምክንያቱም ጥገናውና ተረቱ አይለያዩም ነበር። «ንጉሡ አናጢውን አስጠራው፤ አስቱ፣ ካቻቢቴውን አቀብይኝ፤ ከጫካው መካከል ረጅሙን ዛፍ ቁረጥልኝ አለው፤ ኤዲያ፣ ይቺ ብሎን ዝጋለች» ይላሉ፤ አስቱ እኔ ነኝ። እኔ ለብዙ ጊዜ ብሎን የዛገበት ንጉሡ ይመስለኝ ነበር፤ በጣምም አዝንለት ነበር።

ተረቱ ከመጋዝ መጋዝ ይለያያል። የብርቱካንማው መጋዝ ተረት ስለ ንጉሥና ስለ አናጢ ነው፤ የቢጫው ስለ አባትና ልጅ። ጥርሱ የረገፈው የትልቁ መጋዝ ተረት መጥረቢያ ስለያዘች ጦጣና ስለ ጓደኛዋ ቀበሮ ነበር። በሁሉም ውስጥ ግን አንዱ ወደ ጫካ ይገባል፣ ሌላው ከጫካው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚገባው፣ «እዚሁ ጠብቀኝ፤ የመጥረቢያዬን ድምፅ እስከሰማህ ድረስ አለሁ ማለት ነው» ብሎት ይሄዳል። የቀረው ያዳምጣል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አባባ ይህን ሲሉ በመፍቻው ብረቱን መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ መፍቻው አየር ላይ ይቀራል።

«ድምፁ ቆመ» ይላሉ።

እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። እኛ ልጆች ለትልቅ ሰው በዕብራይስጥ መመለስ ልማዳችን ስለነበር፣ «ኑ? ቬአዝ?» እላቸዋለሁ፣ እሺ ከዚያስ ማለቴ ነው። አባባ እጀታውን ደባበስ አድርገው ገመዱን ሲስቡት መጋዙ ተንደቅድቆ ይነሳል። ከሰዓቱን ሙሉ ቢስቡት ቢስቡት አሻፈረኝ ያለው መጋዝ፣ ልክ ያኔ! ሰማያዊ ጭስ በሩን ይሞላዋል፣ የሚክላቱ ግድግዳ ጩኸቱን እያስተጋባ ጥርሴን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከላይ ፎቅ አንዲት ሴትዮ «ዳይ ክቫር!» ብላ ትጮሃለች፣ ይብቃችሁ ማለቷ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ተረቱም እዚያው ይቀራል።

በማግስቱ፣ «አባባ፣ አናጢውስ ምን ሆነ?» ብዬ ስጠይቃቸው የምር የገረማቸው ይመስላሉ።

«ያ እኮ የብርቱካንማው ነው። እሱ ተነስቷል እኮ!» ይሉኛል። «ዛሬ የያዝነው ሌላ ነው።»

ከዚህ ተነስቼ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ተረት የሚያስፈልገው ማሽኑ እስኪጠገን ነው፣ ከተጠገነ በኋላ ተረት ለማንም አይጠቅምም። ትምህርት ቤት መምህራችን አንድ ተረት ጀምራ ጨረሰችና መጽሐፏን ስትዘጋ እጄን አወጣሁ። «ምኑ ነበር የተበላሸው?» ብዬ ጠየቅኋት። ልጆቹ ሳቁ። መምህርቷ ቀስ ብላ በቤታችን ሁሉ ሰላም እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ቤታችን ከተረቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጨርሶ አልገባኝም።

በዚያ ላይ የማልፈልገውን የምፈልግ ልጅ ሆንኩ። አባባ ገመዱን በሳቡ ቁጥር በልቤ አይነሳ፣ አይነሳ እላለሁ። ሲነሳ ግን ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ! ያን ሳይ ምኞቴ ያሳፍረኛል። የእሳቸውን ደስታና የተረቱን መጨረሻ ሁለቱንም እፈልጋቸው ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ላይ አይመጡም። አንድ ጊዜ እናቴን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ፣ ጫካ የገባው ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ተረት ነው፣ ማን ሊሆን ነው?» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

«የአባባ ወንድም ነው?»

«አባባ ምን ወንድም አላቸው! አንድ ለእናታቸው ናቸው።» እንዲህ ስትል በእርግጠኝነት ነበር።

ከዚያ እኔ አደግሁ። ጦር ሠራዊት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ሰገነት ያላት አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየሁ። አባባ አረጁ። መጀመሪያ እኔን በእናቴ ስም መጥራት ጀመሩ፤ ቀጥሎ እናቴን «እሜቴ» እያሉ እንደ እንግዳ ማክበር። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን በበዛበት ሰሞን የሕንፃው ሰዎች ሚክላቱ ባዶ ይሁንልን አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰው በመጋዝና በቤንዚን መካከል አይደበቅም። አብዛኞቹን መጋዞች አንድ አሮጌ ብረት ሰብሳቢ ወሰዳቸው። ብርቱካንማውንና ቢጫውን ግን እኔ ሰገነቴ ላይ አስቀመጥኳቸው።  የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የአባባ ትዝታ ተሟጦ ሳያልቅ ከተረቶቻቸው አንዱን፣ የትኛውንም፣ እስከ መጨረሻው መስማት።

ብርቱካንማውን ላስነሳው ብዬ በልጅነቴ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። ቱቦውን ቀየርኩ፣ ካንዴላውን ፈቅፍቄ አሸተትኩት፣ ካርቡሬተሩን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። ክንዴ እስኪዝል ሳብኩት። አልተነሳም። ተሸክሜው ከእኔ ቤት አለፍ ብሎ ሣር ማጨጃ ወደሚጠግነው ወደ ቦሪስ ሄድኩ። ቦሪስ መጋዙን አገላብጦ አየና ምንም አልፈታም። ከእጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ማጥፊያ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋት፣ ሳበው፣ ተነሳ።

«ይቺ ተዘግታ ዓመቱን ሙሉ ብትስቢውም አይነሳልሽም» አለኝ በዕብራይስጥ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ያንን አውራ ጣት አውቀው ነበር። «ድምፁ ቆመ» ካሉ በኋላ አባባ እጀታውን ደባበስ ሲያደርጉ ጣታቸው የሚያርፈው እዚያው ላይ ነበር። እኔ ሲያባብሉት ነበር የሚመስለኝ! ለካ መጋዙ ቀድሞ ተጠግኖ ኖሯል፤ ለካ እስኪፈልጉ ድረስ ዘግተው ያቆዩት፣ ሲፈልጉ የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ።

ተናደድኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ከሰዓት አፌን ከፍቼ ስጠብቅ አውቀው ነው ለካ የዘጉብኝ አልኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። መጨረሻውን መናገር ካልፈለጉ ለምን ይጀምሩታል? እንደሚነሳ እያወቁ ለምን በከንቱ ይስቡታል? ሁልጊዜስ ለምን እዚያው ቦታ ላይ፣ መጥረቢያው ዝም ሲል? ባሰብኩት ቁጥር ውሉ ጠፋኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱካንማውን ይዤ ዳሌት ሄድኩ። አባባ ጓሮ፣ ከዚያች ከአንዲቷ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔን አላወቁኝም። መጋዙን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጠው ግን እጃቸው አወቀው፤ ሰንሰለቱን ዳበሱት፣ የቤንዚኑን ክዳን አጥብቀው ዘጉት። እኔ ማጥፊያዋን ወደ ታች አድርጌያት ነበር። አጎንብሼ ገመዱን ሳብኩት። አልተነሳም።

«ቤንዚን አይተሽለታል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ካንዴላውስ?»

«ጠርጌዋለሁ።»

 ደግሜ ሳብኩት። ከዚያ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሱ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ንጉሥም ጦጣም የለም። «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» አሉ። ታላቅየው እንጨት ሊቆርጥ ጫካ ገባ። ታናሽየውን እዚሁ ጠብቀኝ፣ የመጥረቢያዬን ድምፅ እስከሰማህ ድረስ አለሁ ማለት ነው አለው። ታናሽየው ትንሽ ስለሆነ እሺ አለ። ቋ፣ ቋ፣ አሉ አባባ በጥፍራቸው ብረቱን እየመቱ። ከዚያ ጥፍራቸው ቆመ።

«ድምፁ ቆመ» አሉ።

አውራ ጣታቸው እጀታው ሥር ገባና ማጥፊያዋን ፈለጋት። እያለፋት ይሄዳል። እኔ አልረዳኋቸውም። በዚህ ጊዜ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ «ከዚያስ፣ አባባ? ወንድምየው ተመለሰ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። እንዲህ ግራ የተጋባ ፊት፣ የራሴንም በመስታወት ጨምሮ፣ አይቼ አላውቅም።

«እኔ ምን አውቄ?» አሉኝ። «እኔ እኮ ከዛፉ ሥር ነበርኩ።»

እናቴ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ለእናታቸው ናቸው ያለችኝ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እሷም አልሰማችም ነበር ለካ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ሰዓት ያ ነበር። ስሙ ማን ነበር ብዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር። እስከ መቼ ጠበቁት፣ ማን መጥቶ ወደ ቤት ወሰደዎት ልላቸው እችል ነበር። አባባ ግን አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ወደ መንገዱ ጆሯቸውን ሰጥተዋል፤ ከመንገዱ የሚሰማው ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ብቻ ነው፣ እሱም አለፈ።  በልጅነቴ አይነሳ እያልኩ የተመኘሁትን መጋዝ በእጀታው ያዝኩት፣ ማጥፊያዋን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ገፋሁና ሳብኩት። አንዴ አስነጠሰ። ደግሜ ስስበው ተነሳ።

ጭሱ ዛፏን አለበሳት። ከላይ ፎቅ አንድ ሰው መጮህ ጀመረ። የአባባ አንገት ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ፊታቸው ያኔ ይፈካ እንደነበረው ፈካ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ባላቸው አቅም ጮኹ።

«ይሰማል! ይሰማሻል?»

«ይሰማል፣ አባባ!»

ከእነዚያ ተረቶች ምን ቀረልኝ ብዬ ሳስብ አሁንም ግራ ይገባኛል። መጨረሻቸውን ልንገራችሁ ብል አንዱንም አላውቀው፤ የነገሩኝም አያውቁትም ነበር። ካንዴላ ማሽተት ቀርቶልኛል፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰገነቴ ላይ መጋዝ አስነስቶ ምንም አለመቁረጥ ቀርቶልኛል፣ ጎረቤቴም ምን ልትቆርጪ ነው ሲለኝ ገመዱን እስባለሁ። ያን ዕለት ግን እናቴ ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠች፣ እኔም ሰው እየጮኸብን፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ አላጠፋሁትም።