ፍየሎች የወረሱት አዳራሽ

ጋሽ ተማም እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በምላጭ ነበር። ቢሮው ባለ ሞተር መቅረጫ ነበረው፤ እሳቸው ግን "ጫፉን ይበላዋል" እያሉ አይጠጉትም። ያኔ በ1985 እኔ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ፕላን አባዣ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ የማባዣ ማሽኑን አሞኒያ ስምግ እውላለሁ። ያ ክፉ ሽታ ዛሬ ቢመጣብኝ ደስ ይለኛል፤ የእሳቸውን ጠረጴዛ ያስታውሰኛልና።

አገር ቤት ሃያ ዓመት ፕላን ነድፈዋል። እዚህ መጥተው ግን ሁለት ዓመት ሳህን ካጠቡ በኋላ ነው እርሳስ የጨበጡት፤ ለዚያውም ለስድስት ወር ሙከራ።

ቢሮው በሰሜን ርቆ ለሚገኝ የካናዳ ነባር ሕዝብ መንደር የስብሰባ አዳራሽ ይነድፍ ነበር። መንደሩ መንገድ የለውም፤ የሚደረሰው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ጋሽ ተማም "የበረዶ ኦጋዴን" ይሉታል። አንድ ቀን ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዷ የሆኑ አሮጊት ከልጃቸው ጋር መጡ። አለቃችን ፕላኑን ዘርግቶ ረጅሙን አዳራሽ፣ መድረኩን፣ በተርታ የሚደረደረውን ወንበር አስረዳ፤ ልጅቷ አስተረጎመች። አሮጊቷ ወረቀቱን አየት አደረጉና ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን አሉ። አለቃችን ደስ ብሎት ምሳ ሊያዝ ወጣ። የጋሽ ተማም ፊት ግን ጠቆረ።

"በድሪያ፣ ይቺን 'ጥሩ ነው' አውቃታለሁ" አሉኝ።

በወጣትነታቸው ኦጋዴን ውስጥ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ አዳራሽ ነድፈው ነበር። ሽማግሌዎቹ ፕላኑን አይተው ጥሩ ነው ብለው፣ መርቀው ሸኟቸው። በዓመቱ ቢመለሱ አዳራሹ ውስጥ ፍየል ታጉሯል፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ድሮው ግራሩ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ምነው ቢሏቸው፣ እንግዳ በፊቱ እምቢ ይባላል እንዴ ብለው ሳቁባቸው። ይህን ሲነግሩኝ የሃያ ዓመት እፍረት ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ፕሮቤሽን ላይ እኮ ነዎት። ከሥራ ፋየር ያደርጉዎታል። ዝም አይነቅዝም" አልኳቸው።

አልሰሙኝም። ባዶ ወረቀት ፕላኑ ላይ አነጠፉና አሮጊቷ ፊት ተቀመጡ። ጥሩ ነው ወይ ብለው አልጠየቁም።

"ሰው ሲሰበሰብ እርስዎ የት ይቀመጣሉ?" አሏቸው በልጅቷ በኩል።

አሮጊቷ እርሳሱን ተቀበሉ። ክብ ሠሩ፣ መሐሉ ላይ ምድጃ አኖሩ፣ የሚመጣው ሰው ከሩቅ እንዲታይ በሩን ወደ ሐይቁ አዞሩት። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ ልጅቷ ተርጉማ መጨረስ አቃታት። አለቃችን የተመለሰው ይህን ጊዜ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክቡን ተቀበለው። ጋሽ ተማምን ግን ሙከራቸው ሲያልቅ አሰናበታቸው፤ በደንበኛ ፊት አሳፈሩኝ አለ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሳቸው ምላጫቸውን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በሳምንቱ ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

ከተሰናበቱ በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ሲገባ ከመንደሩ ለቢሮው ፎቶ መጣ። አለቃችንን ለምኜ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሰው አዳራሹን ሞልቶ፣ ምድጃውን ከቦ ተቀምጧል፤ አሮጊቷም በሩ ፊት ለፊት አሉ። ጋሽ ተማም መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ በጣታቸው ፈተሹት። ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ።

"ፍየል የለም" አሉኝ፤ ፈገግ ሊሉ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው።