ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ የሄደው ሰው

የአሱንታ ቤት ከኔቱኖ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ነው። ማዕበሉ ሲቆጣ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች ትሰማዋለች። አሸዋውን ግን አትረግጥም። ዕድሜ ልኳን ገበያ ላይ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት ባሕር አልረግጥም ስትል ይታያችሁ! እኛ ጎረቤቶቿ መጠየቁን ከተውን ቆይተናል። የጠየቃት ሁሉ የልኩን ሰምቶ ነው የተመለሰው።

በዚያ ጥር ታዲያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ ከባሕር ወደ የብስ የወጡበት ቀን ሃምሳኛ ዓመቱን ያዘና ከተማው አበደ። ባንዲራው፣ ማርሽ ባንዱ፣ በአውቶቡስ እየተራገፉ የሚወርዱት ሽማግሌ ዘማቾች፣ ወይ ጉድ! አሱንታ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ መስኮቷን ጠርቅማ ቴሌቪዥኗን ታስጮኻለች። የዚያን ዕለት ግን በጠዋት ጥቁር ካፖርቷን ለበሰችና ልጇ ፊዮሬላ ዘንድ ደወለች።

«መኪናሽን ይዘሽ ነይ። ባሕር እንሄዳለን።»

«የት?»

«ባሕር ነዋ! ደንቁረሻል?»

«እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ቢያመኝማ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ እልሽ ነበር። ነይ ብያለሁ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። በዋዜማው ዳቦ ቤት ተሰልፋ ሳለ፣ ሴቲሚዮ በበዓሉ ማግስት በባቡር ቶሪኖ ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊሄድ መሆኑን ሰማች። ሴቲሚዮ ማለት ባሏ ኔሎ የሞተ ቀን ውሃው ውስጥ አጠገቡ የነበረው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ካያት ወደ ማዶ ይሻገራል። እሷም ኩራቷ አላስጠጋት ብሎ አንድም ቀን አስቁማ አልጠየቀችውም። እሱ ከሄደ ደግሞ የኔሎ የመጨረሻ ቃል አብሮት ተሳፍሮ ሊሄድ ነው። ይህን ስታስብ ዳቦዋን ሳትገዛ ወጣች። ሴቲሚዮ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ዳርቻው ላይ እንደማይጠፋ አገር ያውቃል።

ኔሎ ቴሊና አውጪ ነበር። ቴሊና ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ አሸዋ ውስጥ የምትደበቅ ዛጎል ናት። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ተሠርታ ፓስታ ላይ ስትደፋ የሰውን ስም ታስረሳለች። እሷን የሚያወጣ ሰው ባሕር የሚገባው ወደ ኋላው ነው። ጥርስና መረብ ያለውን የብረት መቧጠጫ ወገቡ ላይ ያስርና፣ ፊቱን ወደ የብስ አዙሮ፣ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ እያፈገፈገ ይጎትታል። ጀርባው ላይ ዓይን የለውምና መንገዱን የሚያውቀው ከፊቱ በሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የብስ ላይ የራሱ ሁለት ምልክት አለው፤ አንዱ ቀረብ ያለ፣ ሌላው ከኋላው። ሁለቱ ተደራርበው እስከታዩት ድረስ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ከተለያዩበት ስቷል። የኔሎ ቤተሰብ ከአያቱ ጀምሮ የሚያየው የበርሜል ሠሪውን ቤት ጭስ ማውጫና ከኋላው ያለውን አሮጌ ግንብ ነበር።

ጦርነቱ ጭስ ማውጫውን ከነቤቱ ወሰደው። የከተማው ሰው በመርከብ ተጭኖ ወደ ኔፕልስ ተሰደደ። ሲመለስ ደግሞ ዳርቻው ከነውሃው ፈንጂ ተቀብሮበት ጠበቀው። ፈንጂ ለቃሚዎች መጥተው አንድ ጠባብ መንገድ እስከ ውሃው ድረስ ጠረጉና በግራና በቀኝ ካስማ ተከሉ። ውሃው ውስጥ ያለውን ካስማ ግን ማዕበሉ ነቀለው። ሌላው ሰው እስኪጠረግ ልጠብቅ አለ። ኔሎ በምኑ ይጠብቅ? ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ የለም፣ ሚስቱ እርጉዝ ናት። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አሰበና መላ መታ። ግንቡ እንዳለ ነው። የጎደለው የቅርቡ ምልክት ብቻ ነው።

«አንቺ ትቆሚልኛለሽ» አላት።

«ጭስ ማውጫ ልታደርገኝ ነው?»

«ምነው ጭስ ማውጫ በሆንሽ! እሱ እንኳ አፍ አልነበረውም።»

እናም ነጭ ሻሽ አስራ፣ በተጠረገው መንገድ ልክ ከግንቡ ጋር እንድትደራረብ እሱ በድንጋይ ምልክት ባደረገላት ቦታ ላይ ትቆም ጀመር። ኔሎና ጓደኛው ሴቲሚዮ ጎን ለጎን ሆነው፣ እሷንና ግንቡን እያስተያዩ ወደ ኋላ ይገባሉ። ሌላ ሴት ባሏ ሲሄድ የምታየው ጀርባውን ነው። አሱንታ ግን ፊቱን እያየች ነበር የሚርቃት። እሱም ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ አንዳንዴ ጥርሱን ብልጭ ያደርግላታል። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ይሁን ልቧ፣ የሆነ ነገር ይላወሳል። እንደዚያ ወር ደስ ብሏት አያውቅም፤ ይህን ዛሬም አትደብቅም።

በሰኔ አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላት ብሏል። ትንሽ ልረፍ ብላ ተቀመጠች። ከፊቷ የአሸዋ ጉብታ ስላለ፣ ተቀምጣ ከውሃው አትታይም። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እነሳለሁ እያለች ነው። ከዚያ መሬቱ ተናወጠ። ብድግ ስትል ውሃው ላይ የሚታየው ሴቲሚዮ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ እኛ የምናውቀው ነው። ፊዮሬላን ወለደች፣ ዓሣ ሸጠች፣ ቴሊና ግን ሸጣም በልታም አታውቅም። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ስንት ዓመት ደጅ ጠናት። «አሱንታ፣ እስከ መቼ ነው ብቻሽን?» ቢላት፣ «አንተ እስክትሞት» አለችውና ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቤቷ ስትገባ ግን ኔሎ ይናፍቃታል። ዓሣ እየመዘነች ይናፍቃታል፤ ልጇን ስትድር ከሙሽራይቱ በላይ ያለቀሰችው እሱን ናፍቃ ነው። ከናፍቆቱ የባሰው ደግሞ ያቺ ጥያቄ ነበረች። ቀና ብሎ ሲያጣት ምን አለ? ጠርቷት ሳትሰማው ቀርታ ይሆን? ረግሟት ይሆን? ፊቱን በሐሳቧ ልታየው በሞከረች ቁጥር እሷን ሲፈልግ ትታያታለች፣ ከዚያ ወዲያ ሊስቅላት እምቢ ይላል።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ከንቲባው በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ፊዮሬላ እናቷን በክንዷ ደግፋ፣ «ቀስ በይ፣ ኧረ ቀስ! ማን አሳደደሽ?» ትላለች። ሴቲሚዮ ከሰዉ ተለይቶ፣ የክት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሟል። አሱንታን ሲያያት ደነገጠና ለመሄድ እግሩን አነሣ።

«ቁም አንተ! ዛሬ የምትሻገርበት ማዶ የለም፤ ከኋላህ ባሕር ነው።»

ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ምን ያህል እንዳረጀ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«ልትሰናበቺኝ ነው?»

«ልሰናበትህ አይደለም። ያን ቀን ተቀምጬ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አይታችሁኝ ነበር?»

«አይተናል።»

«እሱም?»

«እሱ ነው ቀድሞ ያየሽ። ስትቀመጪ።»

አሱንታ የልጇን ክንድ ጨመቀች። «ለዚህ ነው ዕድሜ ልክህን የሸሸኸኝ? ባሌን ጨረስኩት፣ አይደል? በላ፣ ሳትሄድ አፍ አውጥተህ በለኝ።»

«አንቺን? ኧረ እመቤቴን!» አለ ሽማግሌው። «እኔ ነኝ እንጂ ያልጮህኩት። ‹ምልክቱ ጠፋን፣ ጥራትና ትነሣ› አልኩት። እምቢ ሲለኝ እኔው ልጮህ አፌን ከፈትኩ። የእኔን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ እስከ አንዚዮ ይሰማል። አልጮህኩም። እሱ አትጥራት ብሎኝ፣ እኔም ሰማሁት። ያንን ይዤ በየትኛው ዓይኔ ልይሽ?»

«ምን ብሎ ነው አትጥራት ያለህ?»

«ተይው አሱንታ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል...»

«ሴቲሚዮ፣ በሞቴ!»

ሴቲሚዮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ አጣመመው። ማርሽ ባንዱ መጫወት ስለጀመረ ጠጋ ብሎ ጆሮዋ አጠገብ መናገር ነበረበት።

«‹ተዋት፣ ትቀመጥ› አለኝ። ‹እግሯ አብጧል። ማታ ሳሽላት ነው ያመሸሁት። እኛ በግምት እንሄዳለን፣ ተዋት።› እየሳቀ ነው ደግሞ፣ እግዜር ያሳይሽ። እየሳቀ።»

የአሱንታ እንባ ዝም ብሎ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ፊዮሬላ እናቷንና ሽማግሌውን አፈራርቃ አየች። አባቷ የተናገረውን አንዲት ቃል እንኳ ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

«ጋሽ ሴቲሚዮ፣» አለች በቀስታ፣ «እኔ አልሰማሁም። ምን አለ?»

ሴቲሚዮ አሱንታን አየ። አሱንታ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠችው።

«ድገመው» አለች። «እሱ እንዳለው አድርገህ በለው። ሳቁንም ጨምርበት።»