ጉልላቱ ላይ የሳልኩት የሰጎን እንቁላል

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ሶዶ ላይ ሻይ ቤት ሊከፍት የተነሳ አንድ ጎረቤታችን ግድግዳው ላይ የፍሎረንስን ከተማ እንድስልለት ለመነኝ። ጣሊያንን አይቶ እንዳይመስላችሁ፤ ከካቶሊክ ሚሲዮን ያገኘው ካላንደር ነበረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ መምህራን ማሠልጠኛ ግቢ ይላል፤ እኔ ሥዕል እላለሁ፣ ድርቅ ብዬ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ፤ ይህን ሥራዬን አይቶ ካልጣመው ማሠልጠኛ መግባቴ ነው።

እንዴት ያለ ከተማ ነው እናንተዬ! የካቴድራሉ ጣሪያ ቀይ ሸክላ ሆኖ እንደ ጎድን አጥንት ያሉ ስምንት ነጭ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ወርደውበታል። ግድግዳው ነጭና አረንጓዴ እብነ በረድ ነው። ደወል ቤቱ እንደኛዎቹ ለብቻው ቆሟል፤ ይህን ሳይ ሰዎቹ ዘመዶቼ መሰሉኝ። ችግሩ፣ ካላንደሩ የተሰቀለበት ምስማር የጣሪያውን ጫፍ በልቶታል። ታዲያ ይሄ ይጠፋኛል? ቤተ ክርስቲያን አይደል፣ ጉልላት ነዋ! መስቀል አቆምኩና ዙሪያውን የሰጎን እንቁላል ደረደርኩበት።

ሻይ ቤቱ በተከፈተ ቀን፣ ጣሊያን አገር ተምሮ የመጣ ሐኪም ማኪያቶውን እየጠጣ ቀና ቢል ሳቁ አመለጠው። ጫፉ ላይ ያለው በወርቅ የተለበጠ ኳስና መስቀል እንጂ እንቁላል እንዳልሆነ ተናገረ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቱ ፊቱ ጠቁሮ አሁኑኑ አስተካክዪው አለኝ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በቃ፣ ጠመኔ ጨብጬ ልቀር ነው አልኩ በልቤ።

መሰላል ላይ ወጣሁ። ወትሮ የሚወዛወዘው መሰላል አሁን ንቅንቅ አላለም። ወደ ታች ባይ ለካ አባቴ ነው የያዘው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሸፈንኩና ኳሱን በቢጫ ቀለም ሠራሁት። ሐኪሙም መሳቁን ትቶ፣ አሁን ቁርጥ እሱን ነው፣ የቆምኩበት አደባባይ ትዝ አለኝ አለ።

ስወርድ አባቴ እጄን ያዘኝ።

"እኔም ብሆን እንቁላሉን አልተውም ነበር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሥዕሉን ደግሞ ሲያይ ቆየና፣ "ይህን የሚያስተምሩት የት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዲስ አበባ" አልኩ፣ እንባዬ እየቀደመኝ።

"እንግዲያው ከመስቀል በኋላ አብረን እንሄዳለን።"