በሚጌ አፍንጫ ላይ የተጻፈው ስም

አብሮ አደጌ ደሴ፣ በልጅነቴ የሠራሁት አውሮፕላን ላይ የራሱን ስም ጻፈበት። የኔን ጻፍልኝ ብዬው ነው የራሱን የጻፈው። እኔም ፊደል ስለማልለይ ስሜ መስሎኝ፣ ልጅነቴን ጨርሼ፣ ጎርምሼ፣ አግብቼና ወልጄ፣ ያን አውሮፕላን ጣሪያዬ ላይ ሰቅዬ «ስሜ ያውላችሁ» እያልሁ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሳሳይ ኖርሁ። የተበደልሁት ይኸው ነው። ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ይሳቅ፤ ከሱ በፊት ብዙዎች ስቀዋል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሽታ ነው። ሰሞኑን ገንዳ ውሃ ከተማ ሄጄ መኪና ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ መንገድ ዳር የተጋጨ ባጃጅ ቀለም ይቀባ ነበርና የቀለሙና የቤንዚኑ ሽታ ከቀትሩ ሙቀት ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ዕድሜዬ እንደ ነጠላ ከትከሻዬ ወደቀና ትራክተሮቹ ካምፕ ውስጥ ተመልሼ ቆምሁ።

ካምፕ የምለው በደርግ ጊዜ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርተው የመንግሥት እርሻ ትራክተሮቹን የሚያሳድርበትን አጥር ግቢ ነው። አባቴ ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ ቆላ ላይ ወባ ቀጨው፤ እናቴ ለካምፑ ሠራተኞች ታበስላለች፤ እኔ በአህያ ውሃ አመላልሳለሁ። ትምህርት ቤት አልነበረም እንዳልል ነበረ፤ የካምፑ ጸሐፊ ልጅ ደሴ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በየጧቱ በፊቴ ያልፍ ነበር። ውሃውን ግን እኔ ካልቀዳሁት የሚቀዳው ሰው አልነበረም። ሳልማር የቀረሁት ለዚህ ነው፤ ሌላ የሚያምር ምክንያት የለውም።

ጊዜው የጦርነት ነበር። እኛ ጦርነቱን የምናውቀው ግን በላያችን በሚያልፈው በሚግ የጦር ጄት ድምፅ ነው። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ትራክተር ሥር ይገባሉ፣ ቀጥሎ ሰማዩ እንደ አቡጀዲ ይቀደዳል፣ ዓይናችንን ስናነሳ እሱ የለም፤ ድምፁ ብቻ ከኋላው እየተጎተተ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እናቴ ድምፁን በሰማች ቁጥር ሮጣ ድስቱን ትከድናለች፤ ከሰማይ ለሚመጣ መዓት የድስት ክዳን መድኃኒቱ ይመስል። እኔ ግን ልፈራው ሲገባኝ ወደድሁት። የሰው ቤት ሊያቃጥል የሚሄድ ነገር እንደነበር ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል፤ ያኔ የሚታየኝ ማማሩ ብቻ ነበር።

የካምፑ ዘበኛ አሥር አለቃ እያልን የምንጠራቸው፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ነበሩ። ከመቁሰላቸው በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ይጭኑ ስለነበር ሚግን ገበሬ በሬውን እንደሚያውቀው ያውቁታል። ስጨቀጭቃቸው ሰንብቼ አንድ ቀን ትራክተሮቹ ለሥራ ወጥተው ግቢው ባዶ ሲሆን፣ ከእናቴ ምድጃ አመድ በጣሳ ሞልተው፣ እያነከሱ ሙሉውን ሚግ በልኩ መሬት ላይ ሣሉልኝ። አፍንጫው ከውሃው በርሜል ይጀምራል፣ ጅራቱ ጎጇችን ደጃፍ ይደርሳል፣ ክንፉ ወደ ኋላ የተጎተተ ነው። ያን ሥዕል በእርምጃዬ ለካሁት፤ ለያንዳንዱ እርምጃ አንድ አውራ ጣት አድርጌ አገዳ ላይ ምልክት አደረግሁ። ስቸኩል አይተው፣ ሰው ሲሮጥ አውሮፕላን ያጥራል፣ ቀስ ብለህ ተራመድ አሉኝ። ሲመሽ ትራክተሮቹ ተመልሰው ላዩ ላይ ቆሙና አመዱን በጎማቸው ይዘውት ሄዱ፤ ልኩ ግን እኔ እጅ ላይ ቀርቶ ነበር።

ገላውን ከማሽላ አገዳ ሠራሁት። የቆላ ልጅ ሁሉ አገዳ ልጦ ነጩን ልቡን በምላጭ ይቀርጻል፣ ቅርፊቱን ሰንጥቆ እንደ ሚስማር እየሰካ ያያይዘዋል፤ መኪናም በሬም ይሠራበታል። እኔ ግን ወፍራም ወፍራሙን መርጬ፣ ከግራር የለቀምሁትን ሙጫ በውሃ አሟሙቼ፣ አንዱን ባንዱ ላይ እያጣበቅሁ እንደ እንጨት አጠነከርሁት። ክንፉ የዘይት ጣሳ ነው። የፓይለቱን መስታወት ከተሰበረ የእጅ ባትሪ አወጣሁ፣ ጎማዎቹን ካለቀ በረባሶ በክብ ቆረጥሁ። ከዚያ ጌጡ መጣ፤ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነበር። የቆርቆሮዎቹን መጋጠሚያ በመርፌ ጫርሁ፣ የብሎኖቹን ራስ በእሾህ ጫፍ አንድ ባንድ ወጋሁ፣ እሳት የሚወጣበትን ጅራት በድስት ጥላሸት አጠቆርሁ። ትራክተር ከሚቀቡት ሰዎች ከጣሳ ሥር የተረፈውን አረንጓዴ ለመንሁ፤ የአፈሩን ቀለም ያገኘሁት ከአፈሩ ከራሱ ነው።

ቦምቦቹን ከሰሊጥ አደረግሁ። አፉን ያልከፈተ አረንጓዴ የሰሊጥ ፍሬ ቅርጹ ቁርጥ ቦምብ ነውና ከክንፉ ሥር ደርድሬ አጣበቅሁት። ሰሊጥ የሚያውቅ እዚህ ላይ ይስቃል። ሰሊጥ ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬውን ያራግፋል፤ ለዚህ አይደል ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮ የሚቆመው። የአጫጅ ልጅ ሆኜ ይህን ዘነጋሁት። እናቴ የዳቦ ሊጥ ስታቦካ ከራስዋ በላይ የሰቀልሁት አውሮፕላን ቦምቦቹ በየተራ ተከፈቱና ቡሃቃው ላይ ዘነቡ። ያን ቀን ሠራተኞቹ ሰሊጥ ያለበት ዳቦ በልተው፣ ምን በዓል ተገኘ እያሉ እናቴን አመሰገኗት።

የቀረው ስም ብቻ ነበር። አሥር አለቃ፣ ከመስታወቱ ሥር አፍንጫው ላይ የባለቤቱ ስም ቢጻፍበት ያምራል ብለውኝ ነበርና ደሴን ጠራሁት። ደሴ በዚያ ዕድሜው ጋዜጣ አነባለሁ የሚል ልጅ ነበር፤ እኔም የሚል ሁሉ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር። የዶሮ ላባ በቀይ የትራክተር ቀለም ነክሮ፣ ምላሱን ወደ ጎን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ጻፈ። እንዳላማው የሚባል አፍ የሚሞላ ስሜ በሁለት ፊደል አለቀ። ለምን አጠረ ስለው፣ ፓይለት ስሙን ያሳጥራል አለኝ። አመንሁት። አሥር አለቃ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ እኔን አዩ፣ ደሴን አዩ፣ ጥሩ ነው ብለው መለሱልኝ። የመጀመሪያዋ ዝምታ እሷ ነበረች።

ደርግ ወድቆ ካምፑ ሲበተን እናቴ ግማሽ ዕቃዋን ትታ አውሮፕላኑን እንደ ሕፃን ታቅፋው ወጣች። አሁን የምኖርበት መንደር ጎጆ ስንቀልስ ከማገሩ ላይ አንጠለጠለችው፤ ለአዲስ እንግዳ ሁሉ ወደ ቀዩ ጽሑፍ እየጠቆመች፣ የልጄ ስም ነው፣ ባይማርም እጁ አዋቂ ነው ትል ነበር። በበዓል ቀን አቧራውን ጠርጋ ጽሑፉን ትስመዋለች። እንዲህ እንዳለች ሞተች። የነፍስ አባታችን ቄስ አድማሱ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ቀና ብለው ያዩትና ፂማቸውን ይዳስሳሉ። አጎበር ልታድል የመጣች የጤና ሠራተኛ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ ስላት አቶ ደሴ ብላ ጠራችኝ፤ ቤት ተሳስታ መስሎኝ፣ እኔ ነኝ ያረምኋት። ልጅቱ ቀና ብላ አየች፣ አጎበሩን ሰጥታኝ ወጣች።

ፀጉሬ ገብስማ ከሆነ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ስልኬ ላይ የመጣ መልእክት ለማስነበብ ልጆቼን ደጅ መጥናት አንገሽግሾኝ ነው። ፊደል ክፉ ነገር ነው፤ አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትፈልገውም ያስነብብሃል። አንድ ቀትር ላይ ወባ ተነሥቶብኝ በጀርባዬ ተኝቼ ሳለሁ፣ ምንም ሳላስብ ዓይኔ አፍንጫው ላይ አረፈና ከንፈሬ በራሱ ደሴ አለ። ትኩሳቱ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስከፍተውም ደሴ ነው።

ትርንጎን፣ ትልቋን ልጄን፣ ጠርቼ ታውቂ ነበር ወይ አልኋት። መሬት መሬት አየች።

«አባዬ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው ያነበብሁት። አያቴ ስትስመው አየሁና ዝም አልሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለፈው ዕድሜዬ ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ተነበበልኝ። የቄሱ ፂም፣ የጤና ሠራተኛዋ ዝምታ፣ ለሰርግ ቤቴ የመጡት መምህራን ቀና ብለው አይተው እርስ በርስ የተያዩት፤ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ስለኔስ ይሁን። እናቴ በሰው ስም ላይ ከንፈሯን እያኖረች መሞቷ ግን ከቤት እንዳልወጣ አደረገኝ።

ደሴ ተምሮ ገንዳ ውሃ ቢሮ ገብቷል፤ አባቱ ግን እኛው መንደር ነበሩና ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደምን ከረምህ ብሎኝ ነበር የሚያልፈው። ካነበብሁ ወዲያ ፊቴን አዞርሁበት። አባቱ ሲሞቱም ለቅሶ አልደረስሁም። በእኛ አገር ሰው ይጠላላል፣ ድንበር ይገፋፋል፣ ይካሰሳል፤ ለቅሶ ግን ይደርሳል። ሐዘኑ ገና ሳያበቃ እድሩ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ከፊት ቄስ አድማሱ ነበሩ፤ ደሴንም ይዘውት መጡ። ደጄ ላይ ያለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠየቁኝ። ድንበር ነው? አይደለም። ከብት ሰሊጥህ ገባ? አልገባም። የቆየ ደም አለ? የለም። ታዲያ ምንድን ነው? ምን ልበል? የልጅ አባት የሆነ ሰው በማሽላ አገዳ ተቀየምሁ ይላል? ምክንያት ከሌለህ በዳዩ አንተ ነህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠይቅ ብለው ፈረዱ። ድንጋዩን ልሸከም ተነሣሁ፤ እውነቱን ከመናገር እሱ ቀሎኝ ነበር። ከጓሮ ጥሩ ድንጋይ ስፈልግ ትርንጎ ወደ ቤት ገባችና አውሮፕላኑን አውርዳ የቄሱ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ስመለስ ቄሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል። ደሴ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እንዳላማው፣ ያኔ ከስሜ ሌላ መጻፍ አልችልም ነበር» አለ። «ጋዜጣ አነባለሁ ብዬህ የለ? አልችልም እንዴት ልበልህ? እስከ ዛሬ ቤትህ የማልገባው ለዚህ ነው።»

ደጄ ላይ ቆሞ የጠጣው ውሃ ሁሉ ትዝ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የሰረቀኝ ሰው አድርጌ ያየሁት፣ እንደኔው ያፈረ ልጅ ነበር። ለዚህ እንኳ ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አሁንስ የኛ ጌታ፣ መጻፍ ቻልህ?» አለው። ሳቁ። ስሙ ይታረም ተባለና ደሴ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ነጠቅሁት። የራሴን ስም ራሴ እጽፋለሁ አልሁ። ዘግይቶ የተማረ እጅ እስክሪብቶን እንደ ድጅኖ ነው የሚጨብጠው፤ አፍንጫውን በግራ እጄ ይዤ «እ»ን ልጀምር ስጫን፣ ቀጭ አለና መዳፌ ውስጥ ፈረሰ። ነቀዝ ውስጡን በልቶት ኖሯል። አገዳው አልቆ፣ ሲስቁበት፣ ሲስሙትና ሲያኮርፉለት የኖረውን ነገር ይዞት የቆየው ቀለሙ ብቻ ነው። ዱቄቱ በጣቶቼ መካከል ወርዶ ቀዩ ቅርፊት መሬት ላይ ተበተነ፤ የሱም ስም የለ፣ የኔም የለ።

ማንም አልሳቀም። ደሴ ተንበርክኮ ቅርፊቱን ይለቅም ጀመር፤ ተወው አልሁት።

አሁን ካምፑ የነበረበት ቦታ ቁጥቋጦና አንድ የዛገ የትራክተር ጎማ ቸርኬ ብቻ ነው ያለው። አሥር አለቃ የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እናቴን አሁን ማንበብ እችላለሁ ልላት አልችልም፤ ብችልም የማነብላት የደሴን ስም አልነበረም።

እጄን አራግፌ፣ «ለአባትህ ሳልደርስ ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ያጥናህ» አልሁት። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አልጠየቁኝም። መርቀውን ሲነሡ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከደሴ ጋር ወደ አባቱ ቤት ሄድሁ፤ ከሐዘንተኞቹ ጋር መሬት ተቀመጥሁ፤ ያመጡልኝንም ቀመስሁ። ነገሩ የተቋጨው ባለፈው ዓመት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት ነው።