አጎቴና የሬኮው ክራር መቺ

በጃንሆይ ዘመን ዲላ ውስጥ ሰርግ በተበላ ማግስት ጎረቤቶች አጎቴ በረንዳ ላይ ተሰብስበው ስለ ሁለቱ ክራር መቺዎች፣ ስለ እኔና ከሬኮ መንደር ስለሚመጣው ልጅ፣ ይከራከሩ ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ ሁሉም እስኪጨርሱ ያዳምጡና፣ እኔ እየሰማሁ፣ «የሬኮው ልጅ ክራር ያወራል፤ የእኛው ልጅ ክራር ይጮኻል» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እኔ በቅናት እበግናለሁ።

የታመሙ ጊዜ ክራሬን ይዤ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ልጫወትልዎ?»

እጄን ያዝ አድርገው፣ «አትቀየመኝ ልጄ፤ የሬኮውን ልጅ ጥራልኝ» አሉኝ።

ሄጄ ጠራሁት። እሱ ሲጫወት ከትራሳቸው ቀና አድርጌ የደገፍኳቸው እኔ ነበርኩ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም።

ካረፉ ወዲህ በረንዳው ላይ የሚከራከር የለም። በዚያ ልጅ ግን ዛሬም እቀናለሁ፤ የመጨረሻ ፈገግታቸው ለእሱ ነበር።