ሚስቴ ልታነግሠው የተነሣችው ሌላ ባል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የበልግ ዝናብ የገሱባን መንገድ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። አሁንም ሶዶ መናኸሪያ ተራ ይዤ ስጠብቅ ድንገት ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ረዳቴ «ምን ነካህ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው? በሌለ ሰው ቀንቼ ልሞት ነበር ልበለው?

ከመጀመሪያው ልናገር፤ እኔ ቀናተኛ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ መደበቁ አያዋጣም። ቤተክርስቲያን ስለ ቅናት በተሰበከ ቁጥር ባለቤቴ አማረች በክርኗ ትጎስመኛለች። እኔም «ቆይ፣ ስለ ሐሜትም ይሰበካል» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው የኖርነው።

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከሶዶ ወደ ገሱባ፣ አንዳንዴም ወደ ተበላ ከተማ ሚኒባስ እነዳለሁ። አማረችን ያገባኋት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ ነው። ሁለት ልጆች ወለድን። ትንሿ አፍ ስትፈታ አማረች «ትምህርቴን ልቀጥል» አለችኝ፤ የማታ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። ልጆቹን የሚይዝልን ሰው ስንፈልግ እናቷ ከቦምቤ መጡልን። እኔም መናኸሪያ ላይ «ሚስቴ ተማሪ ናት» እያልኩ እጎርር ጀመር።

ጉዱ የመጣው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ሰዋስው ብቻ ማስተማር አልበቃው ብሎ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ቴአትር አሳጥሮ አመጣላቸው። ታሪኩን አማረች እራት ላይ ነገረችን። ንጉሡ የሚወደው ጀግና የጦር አለቃ አለ። ጠንቋዮች አንድ ቀን አንተም ትነግሣለህ ይሉታል። ሰውየው ያመነታል፤ አላስቀምጥ የምትለው ሚስቱ ናት። መጨረሻ ላይ ንጉሡ እቤታቸው እንግዳ ሆኖ ሲመጣ በተኛበት ባልየው ይገድለዋል። ከዚያ ባልየው ዙፋኑን አገኘ፣ እንቅልፉን ግን አጣ።

አማቴ ጎደሬውን ዳጣ ሊያስነኩ የዘረጉት እጅ እዚያው ቀረ። «እንግዳ ሆኖ የመጣውን? በልቶ የተኛውን?» አሉ። «እነዚህ ሰዎች የሚመክራቸው ዘመድ የላቸውም እንዴ?»

እኔን ግን የንጉሡ ነገር አልገደደኝም። «አንቺ ምንድነሽ ቴአትሩ ላይ?» አልኳት።

«ሚስትየዋ።»

«ባልየውስ?»

«ነስሩ ነዋ» አለች፣ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ።

ነስሩን አውቀዋለሁ። ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ሱቁ ውስጥ በልጅነቱ ገብቶ ትምህርቱ ስለተቋረጠበት ነው የማታ የሚማረው። ቁመቱ ዛፍ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው የምገባው። ይኸው፣ ከሶዶ ወንድ ሁሉ ተመርጦ እሱ ባል ሆነ!

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሰላም አጣ። እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም፤ «ማይ ሃዝባንድ» ማለትን ግን ማን ያጣዋል? አማረች ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደቅና «ማይ ሃዝባንድ» ትላለች። ወጥ እያማሰለች «ማይ ሃዝባንድ» ትላለች። እኔ ባሏ ሶፋው ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ የምታናግረው ሌላውን ነው። «ልምምድ ነው እኮ» ትለኛለች። አውቃለሁ ልምምድ እንደሆነ። ማወቅ ግን ምን ይጠቅማል? ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አማቴ ሶፋው ላይ ተጋድመው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ደንግጬ «አመማቸው እንዴ?» ስል፣ አማረች «ዝም በል፣ ንጉሡ ተኝቷል» አለችኝ። አማቴ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «እስኪገድሉኝ ድረስ አትነሺ ተብያለሁ» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አማረች ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ ማንም የለም፤ እሷ ግን አንድ ሰው እንደቆመ አድርጋ ማናገር ያዘች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ዐይኗ በራ። በሕይወቴ እንደዚያ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ስትጨርስ «ምን እያልሽው ነው?» አልኳት።

«ከዚህ በላይ ነህ እያልኩት ነው። ለምን ራስህን ታሳንሳለህ፣ ተነሣ እያልኩት።»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው። እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በነስሩ ሸሚዝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በዚያ በሌለው ባል ቀናሁ። እኔን በትዳር ዘመናችን ሁሉ አንድ ቀን «ከዚህ በላይ ነህ» ብላኝ አታውቅም። ዘይት ግዛ ብላኛለች፤ የልጁን ጫማ አሠራ ብላኛለች። ተነሥ፣ ንገሥ ግን አላለችኝም። ያን ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እሷ ልብ እንኳን አላለችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትሸመድዳለች።

በሳምንቱ የገሱባ ገበያ ቀን ነበር። መኪናው ጢም ብሏል። ጋቢና አጠገቤ ሁለት ኮረዶች ተቀምጠዋል፤ ከወሬያቸው የማታ ተማሪዎች መሆናቸውን አወቅሁ። እነሱ ማን እንደሆንኩ አያውቁም።

«ቅዳሜ እንዳትቀሪ፣ ቴአትሩ በእንግዳ ፊት ነው የሚታየው» አለች አንዷ። «አማረችና ነስሩ በእውነት ባልና ሚስት ነው የሚመስሉት አይደል?»

«ሲያምሩ! እውነተኛ ባሏ ግን ማነው?»

«እንጃ፣ ሹፌር ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ወይኔ!» አለች ሁለተኛዋ።

እንዴት ያለ «ወይኔ» መሰላችሁ! ለቀብር የሚባል «ወይኔ» ነው። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊት አያለሁ፤ የማየው ግን መንገድ አይደለም። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ነው የነቃሁት። ከኋላ አንዲት እናት ቅቤያቸውን እንዳቀፉ ከመቀመጫቸው ወደ ላይ ነጥረው ተመልሰው ዱብ አሉ። «ሹፌር! ሰው ነው የጫንከው ወይስ ሽንኩርት?» ብለው ጮኹብኝ። ኮረዶቹም «ጋሼ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉኝ። ጋሼ! ይህም ተጨመረልኝ።

ከገሱባ እስክመለስ ድረስ ሐሳቤን ቆርጬ ነበር። ይበቃል። አማረች ከእንግዲህ አትማርም። ቅዳሜ እዚያው ድረስ ሄጄ፣ ካስፈለገም ከመሐል አስነሥቼ ይዣት እመጣለሁ። ሰው ፊት ካፈረች ተመልሳ አትሄድም ብዬ ነው፤ እንዲህ አድርጌ ነው ያሰብኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ተራዬን ለጓደኛዬ ለቅቄ ቤት ገባሁ። አማረች ሄዳለች። ለአማቴ «ከዛሬ በኋላ ትምህርት የሚባል ነገር የለም፤ እርስዎም አገርዎ ይግቡና ይረፉ» አልኳቸው። ምናልባት ይደግፉኛል ብዬ ነበር። ገብስ ይለቅሙ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝም።

«እኔ ከቦምቤ የመጣሁት ልጆችህን ልጠብቅ ነው» አሉ። «አንተን የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገህ ሌላ ፈልግ።»

ከዚህ በኋላ ንዴቴ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ክፍሉ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የመኪና ቁልፌን ጨብጬ በሩ ላይ ቆምኩ። አማረች ፊት ለፊት ከጓደኞቿ ጋር ትንሾካሾካለች። ልጠራት አፌን ስከፍት መምህሩ ቀደመኝ።

«የአማረች ባለቤት ነዎት አይደል? ፎቶዎን አሳይታናለች። እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። አንዱን ተማሪ አስነሥቶ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ምን ልበል? እንግዳ ተብዬ ተከብሬ እንዴት ሚስቴን ጎትቼ ልውጣ? ቁጭ አልኩ። ቁልፉን ግን አልከተትኩትም።

ቴአትሩ ተጀመረ። ነስሩ ከሱቁ ያመጣውን የወላይታ ባህል ጨርቅ፣ ዱንጉዛውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ። በቀይና በጥቁሩ ጥለት እውነትም የጦር አለቃ መሰለ። አማረች ገባች። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን ሁሉም ነገር ገባኝ። ትለማመጠዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። እሱ ይርበተበታል። እኔ ጥርሴን ነክሼ በዐይኗ ውስጥ ያንን ብርሃን እፈልጋለሁ። አለ። ለሌላ ሰው በርቷል።

ሲያልቅ ተጨበጨበ። መምህሩ ተነሣና አንድ ነገር ጠየቀ። አጠገቤ ያለው ተማሪ «ጥፋቱ የማን ነው እያለ ነው፤ የባልየው ወይስ የሚስትየዋ?» ብሎ ተረጎመልኝ። ክፍሉ ተንጫጫ። በእንግሊዝኛ ጀምረው በአማርኛ፣ ከአማርኛው ወደ ወላይትኛ ገቡ። አንዱ «ሚስትየዋ ናት! አርፎ የተቀመጠ ሰው ነው ያስነሣችው» አለ። አንዲት ልጅ «ስለምትወደው እኮ ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲሆንላት ፈልጋ ነው» አለች። እኔም በልቤ፣ እውነቷን ነው አልኩ፤ የሚወድ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አማረች እጇን አወጣች። በእንግሊዝኛ ጀመረችና አቆመች። ወደ እኔ አየች። «መምህር፣ ይህን በአማርኛ ልናገረው» አለች።

«ሴትየዋ ባሏን ስለወደደች አይመስለኝም። ስለጠላችውም አይደለም። ትልቅ መሆን የፈለገችው ራሷ ናት። ግን ለሷ የተከፈተ በር የለም፤ ያላት ባሏ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ገፋችው፣ አልነሣ እንዳለ መኪና። እኔም ትልቅ መሆን እፈልጋለሁ። ነርስ መሆን ነው የምፈልገው። ግን ባሌን ይህን ሁን፣ ያንን ሁን ብዬ መከራ አላበላሁትም፤ የማታ ተመዘገብኩ። ያቺ ሴትዮም የማታ ትምህርት ቢኖርላት ኖሮ ንጉሡ በልቶ፣ ተኝቶ፣ በማግሥቱ በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። ነርስ? ነርስ መሆን እንደምትፈልግ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። እኔ ልወስድባት የመጣሁት ይህንን ነበር። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ስንወጣ ነስሩ ሮጦ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ወንድሜ፣ ወላሂ ሚስትህ ጨረሰችኝ!» አለኝ። «ሙሉ ሴሚስተር ስትሰድበኝ ነው የከረመችው። ቤትም እንዲህ ናት እንዴ?»

«እኔን ሰድባኝ አታውቅም» አልኩት። ትንሽም ኮራ አልኩ፣ ምን ላድርግ።

አማረች ጋቢና ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄድን «ልታስቀረኝ ነው የመጣኸው» አለች። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ።

«ማን አለሽ?»

«በሩ ላይ ስትቆም አየሁህ። ሰው ልትደበድብ የመጣህ ነው የምትመስለው። ለዚህ ነው በአማርኛ የተናገርኩት።»

መካድ አልቻልኩም። ይልቅ ሆዴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ወጣ። «ያንን ሰውዬ ተነሣ ስትዪው ዐይንሽ ይበራል» አልኳት። «እኔን ግን አንድ ቀን ምንም ሁን ብለሽኝ አታውቂም። እኔ ምንም መሆን የማልችል ሰው ነኝ?»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ ተቀመጠች።

«አንተ ምን መሆን ነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከፊቴ ባጃጅ የለም፣ ሰው የለም፤ እኔ ግን ክላክስ ነፋሁ። «ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው» አለች። ቤታችን በር ላይ ደርሰን ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ የምላት አላገኘሁም።

አማረች ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከተማ ካለሁ ማታ እኔ ነኝ የማደርሳት። ከነስሩ ጋር ደግሞ ወዳጅ ሆነናል፤ በእሱ መቅናቱን ትቻለሁ። ቅናቴ ግን ከቤቴ አልወጣም። አሁን የምቀናው በራሷ ነው። ልጆቹን አስተኝታ፣ ድካሙ ዐይኗን እየጎተተው ባዮሎጂ ስታነብ አያታለሁ። የምትሄድበትን ታውቃለች። ያንን ማወቅ እንዴት ደስ ይል ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንዳንድ ቀን ከመጽሐፉ ቀና ብላ «እስካሁን አላገኘኸውም?» ትለኛለች። «ገና ነኝ» እላታለሁ። «በል አስብበት» ብላ ወደ ንባቧ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ነው ከምንም በላይ የምቀናባት።