ባዶው ቀፎዬ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ ቦንጋ የተመለስኩ ሰሞን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ክፍል ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ሳቀርብ በአነጋገሬ የሳቁት ልጆች ሳቃቸው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አፌን መክፈት አስጠላኝ። እዚያው ሳለሁ እናቴ ስትደውል እንኳ ከዶርም ኮሪደር ወጥቼ በሹክሹክታ ነበር በቋንቋችን በካፊኖኖ የማወራት።

እናቴ "ልጄን ምን ነካብኝ!" እያለች ጸበልም ጤና ጣቢያም ወሰደችኝ። ነርሷ "ድብርት ነው፤ ሕመም ነው እንጂ ስንፍና አይደለም፤ እየመጣህ እናወራለን" አለችኝ። እየተመላለስኩ አወራኋት። ከዚያ ውጭ ግን ከአልጋ መነሳት? ኧረ ተዉኝ እባካችሁ!

ማንኪራ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ ሰው የሚተው ዓይነት አይደለም። አንድ ጠዋት መጥቶ ብርድ ልብሴን ገፈፈኝ። "ተነስ፣ ቀፎ እንሰቅላለን።" እየተነጫነጭኩ ተከተልኩት።

በእኛ ጫካ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ የሰው ዛፍ ማንም አይነካም። አጎቴ አንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ቆመና "የአያትህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው" አለኝ። ቀፎውን አጠንነው፤ እሱ ወጣ፣ እኔ ከታች ገመዱን ያዝኩ።

ከዚያማ በየቅዳሜው ማንኪራ እየሄድኩ ማንጋጠጥ ሆነ። ባዶ! አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ "ንቦቹም ናቁኝ!" አልኩት። አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ።

"ንብ የሚገባው ሲፈልግ ነው። ዛፉ ግን ቀፎው ባዶ ሆነም አልሆነ ያንተ ነው፤ ማን ይነጥቅሃል?"

እሷን ቃል ይዤ ሰነበትኩ። እንቅልፌ ተመለሰ፣ ምግብ ጣመኝ። በአዲሱ ሴሚስተር ትምህርቴን ልቀጥል ሄድኩ። እንደገና አፌን ያስዘጉኝ ይሆን ብዬ ግን በጣም ፈርቼ ነበር።

አንድ ከሰዓት ዶርም ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው፤ ስልክ ይዞም ጫካ ለጫካ የሚጣራ ይመስለዋል። "ገቡልህ! ንቦቹ ገቡልህ!" አለኝ በካፊኖኖ። ኮሪደር መውጣቱን ረሳሁት። አልጋዬ ላይ ቆሜ በካፊኖኖ እየጮህኩ መለስኩለት፤ ደስታ ሊገለኝ ነበር።

ስልኩን ዘጋሁ። ያኔ አነጋገሬን እየቀዳ ያስቅብኝ የነበረው የዶርሜ ልጅ ከአልጋው ላይ አፍጥጦ ያየኛል።

"ምን ተገኘ?" አለ።

"ንቦቼ ገቡ" አልኩት፣ በዚያው በሚሳቅበት አነጋገሬ። "ዛፍ አለኝ።"

"ዛፍ? የምርህን ነው?"

ከፈለገ ይሳቅ! አጠገቤ ቁጭ አድርጌ ከአያቴ ጀምሬ ነገርኩት።